«አሉ» ሲላላ፣ «አሉ» ሲጠብቅ

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው የካቲት፣ አርባ ምንጭ ሴቻ፣ እናቴ ቤት፣ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም በረንዳ ላይ በተቀመጥንበት ምሽት፣ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ስለ አድዋ የተሠራ የፊልም ቁራጭ ታያለች። ፈረስ ይጋልባል፤ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ካባ የደረበ ሰው ከድንኳን ብቅ ይላል። «አጎቴ፣ እኚህ ራሳቸው ምኒልክ ናቸው?» አለችኝ። ተዋናይ ነው አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «እሺ፣ የራሳቸው ቪዲዮስ የት ነው ያለው?» አለች። ሳቅሁባት። ሌሊት ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ለካ የሚያስቅ አልነበረም። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ላይ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ምስል ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ይሆናል። የራስ መኮንን ጦር አምባ አላጌ ላይ ድል ካደረገ ልክ ሦስት ሳምንቱ ነበር። አድዋ የሆነው ደግሞ ከዚያ በ64ኛው ቀን ነው። ሲኒማና አድዋ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ አልተገናኙም እንጂ። ልጅቱ የሳተችው በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

እኔን የያዘኝ ግን መሳቷ አይደለም። ቪዲዮው ቢኖርስ? አንድ የፓሪስ ሰው ያን ሣጥን ተሸክሞ የአድዋ ተራሮች ሥር ደርሶ፣ እጀታውን እያሽከረከረ፣ በዚያ ዘመን ጥቅልል ልክ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ምስል አንሥቶ ቢሆንስ? አቧራ፣ ጭስ፣ የሚሮጥ እግር፣ ጀርባውን የሰጠ ፈረስ። ይህን ያየ ሰው «አድዋን አየሁ» ሊል ይችላል? ቢልስ፣ እዚያው አቧራ ውስጥ ቆሞ ከፊቱ ካለው ሰው ጀርባ ሌላ ያላየው ወታደር ካየው በምን ይበልጣል? በሌላ በኩል በተዋንያን የተሠራው የሁለት ሰዓት ፊልም ከክተት አዋጁ እስከ ድሉ ሁሉንም በተራ ያሳያል፤ ማንም ዘማች ያላየውን አድዋ ያሳያል። እንግዲህ የቱ ነው ያሳየው? ያ እውነተኛ ግን ምንም የማይታይበት ደቂቃ፣ ወይስ ይህ ሁሉ የሚታይበት ግን አንድም ነገር ያልሆነበት ሁለት ሰዓት? ስላለፈ ነገር በፊልም «አየሁ» ስንል፣ ያየነው ምንድን ነው?

መልሱን ከሲኒማ መጻሕፍት ይልቅ ከአያቶቻችን አፍ መፈለግ ይሻለኛል። የድሮ ነገር ሲነግሩን የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ጣል ያደርጉ ነበር። ንጉሡ ተቆጡ አሉ። ሴትየዋ ልጇን አዝላ በሌሊት ወደ ጨንቻ ወጣች አሉ። ይህች «አሉ» የተራኪው ደረሰኝ ናት፦ እኔ አልነበርኩም፤ ከነበረ ሰው ሰምቻለሁ፤ ወይም ከነበረ ሰው ከሰማ ሰው ሰምቻለሁ፤ ብትፈልግ እመን፣ ባትፈልግ ተወው። ቃሏን አላልተን ካነበብናት «ተናገሩ» ማለት ናት። አጥብቀን ስናነባት ግን ሌላ ትሆናለች፦ «ይገኛሉ፣ እዚህ ናቸው»። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ የሚለየው አንባቢው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በአፍ የሚነገር ታሪክ በሚላላው «አሉ» ይኖራል፤ ፊልም ደግሞ በሚጠብቀው። በፊልም ውስጥ ምኒልክ አሉ፤ ጣይቱ አሉ፤ ያ ስሙ ያልተጻፈ አዝማሪ ሳይቀር አለ። ሁሉም እዚህ ናቸው፤ ይተነፍሳሉ፤ ያልባቸዋል። የላላውን «አሉ» የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም። ካሜራ «እንደሚባለው ከሆነ ፈረሱ ነጭ ነበር» ማለት አይችልም። ፈረሱ ነጭ ነው፤ በቃ።

ነገሩን ጠጋ ብለን እንየው። የምኒልክ ፈረስ አባ ዳኘው ይባል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ፈረሱ ቀለም የሚነግረው ሰነድ ያላገኘ የታሪክ ጸሐፊ ዝም ይላል፤ ዝምታው ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ጨዋነት ነው። ፊልም ሠሪ ግን ዝም ማለት አይችልም፤ ቀለም የሌለው ፈረስ የለምና። አንዱን መርጦ ከበረት ያስወጣል። ከፈረሱ ጋር ኮርቻው፣ ከኮርቻው ጋር ልጓሙ፣ ከልጓሙ ጋር የያዘው እጅ፣ ከእጁ ጋር እጁ ላይ ያለው ወይም የሌለው ቀለበት ይመጣል። ፊልም የማያውቀውን ሁሉ እንደሚያውቅ ሆኖ እንዲናገር የተፈረደበት ጥበብ ነው። ይህ ክስ ይመስላል፤ ግማሹ ክስ ነው። ግማሹ ግን ምስጋና ነው፤ ምክንያቱም ዝም ማለት የማይችል ሰው ዝም ማለት የሚችለው ያልጠየቀውን ይጠይቃል። ያን ዕለት ንጋት ላይ ብርድ ነበር? የሰፈሩን ውኃ ማን ቀዳ? ከጦሩ ኋላ ስንቅ የተሸከሙት ሴቶች ምን ተጫምተው ነበር፣ ከተጫሙ? መጽሐፉን አሥር ጊዜ ያነበበ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ሊሞት ይችላል። አልባሳት አዘጋጇ ግን ሰኞ ጠዋት መልስ ያስፈልጋታል።

እርግጥ የአፍ ታሪክም ንጹሕ አይደለም። ከሴቻ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ዶርዜ የወጣ ሰው ያን ከፍ ብሎ የቆመ፣ ፊቱ የዝሆን የሚመስል የቀርከሃ ቤት አይቶ ይሆናል። ቤቱ ሲሠራ በጣም ረጅም ነው። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ ዝቅ ይላል፤ እንደገና ይበላል፣ እንደገና ዝቅ ይላል። የሰው ዕድሜ ያህል ቆይቶ አጭር ሽማግሌ ይሆናል፤ ፊቱ ግን ያው ዝሆን ነው። የአያቶች ታሪክም እንደዚሁ ከሥር ከሥሩ እየተበላ ይደርሰናል፤ ዘመኑ ይጠፋል፣ ስሙ ይጠፋል፣ ፊቱ ይቀራል። ነገር ግን ቤቱ ሲያጥር ሁሉም ያያል። አድማጩም ተራኪውን ያቋርጣል፤ «ኧረ እሳቸውስ የሞቱት በሌላ ዓመት ነው» የሚል አንድ ሽማግሌ ከጥግ አይጠፋም። ፊልም አያጥርም። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያው ነው፤ ስሕተቱም አብሮት ያው ነው፤ ከጥግ የሚያርመው ሽማግሌ ግን ሞቷል።

ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የአድዋ ፊልሙ ይህን ችግር ያለፈበት መንገድ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጦርነቱን በተዋናይ አላስደገመም። ሽማግሌዎችን አስቀምጦ አስወራ፤ የአገሩን ተራራ አሳየ፤ ዘፈኑን አሰማ፤ ሠዓሊዎች በጨርቅ ላይ የሣሉትን አድዋ ካሜራው ቀስ እያለ እንዲዳስሰው አደረገ። በሌላ አነጋገር፣ አድዋን ሳይሆን ስለ አድዋ የሚባለውን ቀረጸ፤ የሚላላውን «አሉ» ፊልም ውስጥ አስገባው። ሥዕሎቹ ራሳቸው ደግሞ ከእኛ ይልቅ ጥንቁቆች ናቸው። በባህላዊው አሣሣል ወዳጅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ጠላት ግን በጎኑ ይሣላልና አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ሆኖ ይዋጋል። ይህን ያየ ገበሬ ጣሊያኖች አንድ ዓይና ናቸው ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሥዕሉ ወገን መያዙን አልደበቀውም፤ ዓይን ቆጥረህ ድረስበት ብሎሃል። ፊልም ግን ለጠላትም ሁለት ዓይን ይሰጠዋል። ሚዛናዊ ስለሆነ አይደለም፤ ሌንሱ ሌላ ስለማያውቅ ነው። ወገንተኝነቱ ሌላ ቦታ፣ ለመቁጠር በማይመች ቦታ ይቀመጣል።

የሌላ ዘመን ልብስ የሚለብሰው ፊልም ብቻ አይደለምና፣ እዚህ ላይ በ«ሐተታው» የምናውቀውን ሰው ማንሣት ግድ ይለኛል። የዘርአ ያዕቆብ ሐተታ የ17ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ ነው ስንል ኖረናል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ተነሥቶ፣ የለም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን እዚሁ አገር የነበረው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የጻፈው ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለዘርአ ያዕቆብ ተሟገተለት፤ ክርክሩ እስከዛሬ አልበረደም። ለጊዜው ክሱ እውነት ነው እንበል። እንግዲያስ መጽሐፉ ምን ይሆናል? የታሪክ ፊልም ይሆናል! የ19ኛው መቶ ዘመን ሰው የ17ኛውን ልብስ ለብሶ፣ ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሌላ ሰው አፍ የሚናገርበት። ስለ ሱስንዮስ ዘመን የሚነግረን ሁሉ ይጠረጠራል። «ሁሉን መርምር» የሚለው ምክሩ ግን በዚያው ቀን ውሸት ይሆናል? አይሆንም። ይልቅስ መጀመሪያ የሚመረመረው ራሱ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርኩት በተዋናይ ስለሚሠራው ነው። «እሺ፣ ተዋናዩን ተወው፤ እውነተኛው ምስልስ?» የሚል ይኖራል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የሆነውን ያስታውስ። ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ በፊት እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ስም ለአገሩ ሰው አሳይቶ ነበር። ደርግ ያንኑ ፊልም በእንቁጣጣሽ ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈ፤ ግን እንደነበረ አይደለም። በሚያልቁት ሰዎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል ገባበት። ንጉሡም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር አሉ። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ረሃብተኛው እውነት ነው፤ ተዋናይ አይደለም። ውሻውም ሥጋውም እውነት ነው። ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ምንድን ነው? ሁለቱ ምስሎች በሚገናኙበት በዚያች ስፌት ላይ ማንም ያልተናገራት አንዲት ቃል አለች፦ «ስለዚህ»። ሕፃኑ የሚሞተው ውሻው ስለሚበላ ነው። ይህን ማንም አላለም፤ ሁሉም ሰማ። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይ ፊት ከሾርባ ሳሕን ቀጥሎ ሲታይ የራበው፣ ከሬሳ ሣጥን ቀጥሎ ሲታይ ያዘነ እንደሚመስል ቀድሞ አሳይቶ ነበር፤ ፊቱ ያው አንድ ፊት ሆኖ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቀላል ነበር፤ «ምስል በቅንብር ይዋሻል» ብለን እንለያይ ነበር። ግን መንግሥት ረሃቡን መደበቁ ደግሞ እውነት ነው! ያች ያልተነገረች «ስለዚህ» እንደ ማስረጃ ሐሰት ናት፤ ውሻው ባይበላ ኖሮ ወሎ አይጠግብም ነበር። እንደ ፍርድ ግን ጨርሳ ሐሰት አይደለችም፤ ያ ግብዣና ያ ረሃብ በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ ሌላውን እንዳላየ ሆነው ኖረዋል። የተዋሰችው ማስረጃ የሌላ፣ የደረሰችበት ፍርድ የራሷ። ሐሰተኛ ምስክር አቁሞ እውነተኛ ወንጀለኛ ያስፈረደ ሰው ምን ይባላል? እኔ እስካሁን ስም አላገኘሁለትም። ያን ማታ ከተመለከቱት መካከል ስንቱ ከዓመታት በኋላ «ረሃቡን ያወቅሁት ያኔ ነው» እንደሚል ሳስብ፣ ያወቀው ረሃቡን ነው ወይስ ስፌቱን ብዬ እጠይቃለሁ። ምናልባት ሁለቱንም፤ መለየት እስኪያቅተው ድረስ።

ተዋናይ የሌለበት፣ ያልተቆራረጠ ጥሬ ምስል ብናገኝስ ማለትም አያዋጣም። ከማይጨው ዘመን የቀረልን ተንቀሳቃሽ ምስል አብዛኛው የሉቼ ነው፤ የሙሶሊኒ መንግሥት የፊልም ድርጅት። መንገድ ሲጠረግ፣ ድልድይ ሲዘረጋ፣ ባንዲራ ሲሰቀል በግልጽ ይታያል። ምስሉ ጥራት አለው፤ ከሌንሱ ፊት የነበረውን አልፈጠረም። ከአውሮፕላን የወረደው የመርዝ ጋዝ ግን የለም። ሌንሱ ወደዚያ አልዞረም። ስለ ጋዙ ያወቅነው ሐኪሞች ከመሰከሩት፣ ከቁስለኞች አፍ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ካደረጉት ንግግር ነው፤ ማለትም ከሚላላው «አሉ»። በዚያ ጦርነት ካሜራው ዝም ያለውን ወሬ ተናገረው። ዛሬ አንድ ተማሪ ያን ዘመን «በዓይኔ ልየው» ሲል የሚያየው በጠላት ዓይን ነው፤ አያቱ በዚያ ምስል ውስጥ ካለ፣ እንደዚያ ጨርቅ ላይ እንደተሣለው ጣሊያን፣ በጎኑ ነው ያለው።

ሴቻ ተቀምጦ ስለ ሁለት ነገር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከታች የተኙትን ሁለት ሐይቆች፣ ቀላ ያለውን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን ምሳሌ ማድረግ ይቃጣዋል። እኔንም ቃጣኝ፤ ተውኩት። ለጉዳያችን የሚቀርበው የጎረቤቴ የሸማ ዕቃ ነው። ሰውየው እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲሰድ አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ። ድሩ ቀድሞ ተወጥሯል፤ በሥራ መሐል አይቀየርም። ማጉ ይመላለሳል። ነጩ ላይ ልብ ብለህ ካየህ ድርም ማግም ይለያል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ባለቀለሙ ክር እየጠቀጠቀ ይገባና ድሩን ይሸፍነዋል። አለ፤ ያለ እሱ ጥለቱ አይቆምም፤ ግን አይታይም። የገዢው ዓይን ደግሞ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ጥለቱ ነው። የታሪክ ፊልም ላይ ልባችን የሚቆምበት ቦታ፣ የንጉሡ የሌሊት ምክክር፣ የእናትና ልጅ ስንብት፣ ብዙውን ጊዜ ድሩ የማይታይበት ቦታ ነው። ጎረቤቴ ይህን ብነግረው «ድሩ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ጥለት ለምን ይገዛል?» ባይ ነው፤ ልክ ነው።

ስለ ሸማ ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ትንሽ ቅሬታ ቢኖርበትም። ስለ ቤተ መንግሥት በሚሠሩ ፊልሞች ላይ የማየው ነጠላና ጋቢ፣ መኳንንቱ ተከናንበው የሚቆሙበት ያ ሁሉ ነጭ፣ አብዛኛው ከሽሮ ሜዳ እንደሚመጣ እገምታለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚህ ከጋሞ ደጋ በወጡ ሸማኔዎች እጅ የቆመ ሰፈር ነው። ስለዚህ ጋሞ እነዚያ ፊልሞች ውስጥ አለ፤ ሁሉም ትከሻ ላይ አለ፤ ማንም ግን አላየውም። ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ቦታው ተቀምጦ ነገር የሚቆርጥ ሕዝብ፣ ንጉሥ ሲነግሥና ሲወርድ በሚቆጠር ታሪክ ውስጥ የሚገባበት በር የለውም፤ ካሜራ ደግሞ ዙፋን ይወዳል፤ ዙፋን መሐል ላይ ስለሚቀመጥ ለመቅረጽ ይመቻል። ታዲያ የጋሞ ታሪክ ፊልም ይሠራልን እላለሁ? እንዲህ ስል ቆይቼ ልቤ ያመነታል።

ያመነታው በአንድ ምስል ምክንያት ነው። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ የብዙ ጋሞዎች ደም መፍሰሱ ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ወጡና ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰ። ይህ በስልክ ተቀርጿል፤ አገር ሁሉ አይቶታል። ተዋናይ የለውም፣ ቅንብር የለውም፣ ሉቼ አልቀረጸውም። በዚህ መጣጥፍ ካነሣኋቸው ምስሎች ሁሉ ንጹሑ እሱ ነው። ይሁንና ከሌላ አገር የመጣ ወዳጄ ሳሳየው ያየው ምንድን ነው? «ሽማግሌዎች ለመኑ፤ ልጆቹም አዘኑላቸው» አለኝ። የተንበረከከ ሽማግሌ የያዘውን ሣር ረግጦ ማለፍ ጎሜ የሚባል ክልክል ነገር እንደሆነ፣ ጎሜ ደግሞ በረጋጩ ብቻ ሳይሆን በቤቱ፣ በእርሻው፣ በከብቱ እንደሚመጣ ምስሉ አይናገርም። ሣሩን አየ፤ ሕጉን አላየም። ሕግ አይታይማ! ልጆቹን ያቆማቸው ነገር በምስሉ ውስጥ የለም፤ በልጆቹ ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያ ያስገባው ደግሞ ሣር ረግጦ ስላለፈ ሰው ማታ ማታ የተነገራቸው ወሬ ነው፤ በ«አሉ» የሚያልቅ።

ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያን ቀን ፊልም የሚያደርግ ሰው መነሣቱ አይቀርም። ሣሩን ያስተካክላል፤ ለምን እንደሚንበረከኩም በአንድ ሽማግሌ አፍ ያስረዳል፤ ያ የወዳጄን ጉድለት ይሞላል፤ ይበል። ከዚያ ግን ሙዚቃ ያስገባል። ክራሩ ቀስ ብሎ ሲጀምር ተመልካቹ ልጆቹ እንደሚመለሱ ያውቃል። በስልኩ ምስል ላይ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። የቀረጸው እጅ ይንቀጠቀጣል። ከተንበረከኩት መካከል አንዱ ቀና ብሎ አያይም፤ መሬት መሬት ያያል፤ የሚመጣውን አያውቅምና። ያለፈው ዘመን ለኖሩበት ሰዎች ያለፈ አልነበረም፤ ያልመጣ ነበር። አድዋ ላይ የተሰለፈው ሁሉ «የአድዋ ድል» የሚለውን ስም አያውቀውም፤ ጠዋት የተነሣው ወደ ድል አይደለም፤ ወደማያውቀው ነገር ነው። ታሪክን ስንማር መጀመሪያ የምንዘርፋቸው ይህን አለማወቃቸውን ነው፤ መጽሐፉም ይዘርፋል፣ ፊልሙም ይዘርፋል፤ ፊልሙ በሙዚቃ።

ግን ደግሞ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ፊልም የተዘረፈውን የሚመልስበት ጊዜ አለ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው «ጤዛ» ላይ አንበርብር ከጀርመን ወደ ገጠር እናቱ ቤት ይመለሳል፤ አንድ እግሩ የለም፤ ትዝታው ተሰባብሯል። ፊልሙ የደርግን ዘመን በተራ አይነግረንም፤ ከአንበርብር ጋር አብረን እንደናበራለን፤ ያየነው ቅዠት ይሁን ትዝታ ለመለየት እንቸገራለን። ከዚያ ፊልም ቀንና ዓመት ፈልጎ የሚወጣ ተማሪ ባዶ እጁን ይወጣል። አንድ ትውልድ የራሱን ታሪክ ማስታወስ ሲያቅተው ውስጡ ምን እንደሚመስል ግን የትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ይነግረዋል? እዚህ ላይ የፈረሱ ቀለም ጉዳይ ራሱ ይረሳል። አንበርብር የሚባል ሰው አልነበረም፤ እንደ አንበርብር የሆኑ ግን ነበሩ። «ነበር» እና «እንደ» የተቀላቀሉበት ይህ ዕውቀት ስሙ ማን ይባል? መማር ነው፤ ማወቅ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።

ይህን ሁሉ ሳውጠነጥን ከርሜ፣ በዚያው ሰሞን ሌላ ማታ፣ መብራት ባለበት፣ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ደርግ ዘመን የተሠራ አንድ ፊልም ይታያል። ወታደሮች በሌሊት በር ሰብረው አንድ ወጣት ይወስዳሉ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ነፍስህን ይማረው» አለች። የእህቴ ልጅ ሳቀች። «አያቴ፣ ተዋናይ እኮ ነው! የዘይት ማስታወቂያ የሚሠራው ልጅ ነው።» «እሱን መች አልኩ» አለች እናቴ።

ለቅሶ ቤት የሟቹን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ የምታለቅስ ሴት ታወሰችኝ። ወረቀቱ ሟቹ አለመሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ፎቶው ከሃያ ዓመት በፊት የተነሣ ነው፤ ሟቹንም አይመስልም። ማንም ተነሥቶ «ይሄማ እሱ አይደለም» አይላትም። ለካ ከፊት ለፊት ያለውን አይቶ ሌላውን ማልቀስ እንችልበታለን፤ ለፊልም አዲስ የተማርነው አይደለም።

ልጅቱ ድምፁን ቀነሰች። «ማንን ነው ታዲያ?» እናቴ በአገጯ ግድግዳው ላይ ያለውን የታላቅ ወንድሟን ፎቶ አሳየቻት። «እንደዚህ ነው የወሰዱት? በሌሊት፣ በር ሰብረው?»

«ኧረ በጠራራ ፀሐይ ነው» አለች እናቴ። «መኪና መጣ አሉ። ጫማዬን ላድርግ አላቸው አሉ። እኔ ገበያ ነበርኩ።»